ለማን ነው ሰው የምንሆነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአገራችን አንድ የተለመደ አነጋገር አለ። ልጁ ተምሮ ሥራ የያዘለት አባት «ልጄ ሰው ሆነልኝ» ብሎ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ትምህርቱን ያቋረጠ ወይም ሥራ አጥቶ ቤት የዋለ ወጣት ደግሞ «እንደ እኩዮቹ ሰው ሳይሆን ቀረ» ይባላል። አነጋገሩ በክፋት የሚነገር አይደለም፤ ከአፉ ነጥቆ ያስተማረ ወላጅ ምኞትና ድካም አለበት። ሆኖም ቆም ብለን ብናዳምጠው ከባድ ነገር ይዟል። ሰው መሆን የሚለካው በፈተና ውጤትና በደመወዝ ከሆነ፣ እነዚህን ያላገኘው ወንድማችን ምን ተብሎ ሊጠራ ነው?

ይህን የምናነሣው ነገሩ በመካከላችን ስላለ ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሰሞን ከቤት መውጣት የሚያፍሩ፣ ወደ ጉባኤ መምጣት የሚተዉ፣ «ኖርሁ አልኖርሁ ለማን ምን ይጎድላል?» እስከ ማለት የሚደርሱ ወጣቶች አሉ። ጥያቄው ያልቀናቸው ሰዎች ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ ደግመህ ተፈተን፣ ሌላ ሙያ ሞክር እንላቸው ነበር። ነገር ግን ተመርቀው ሥራ ከያዙ በኋላ፣ የተመኙትን ሁሉ ካገኙ በኋላ፣ ማታ ጋደም ሲሉ «አሁንስ ለምንድር ነው የምኖረው?» የሚሉም አሉ። እንግዲህ ጥያቄው ከውጤትና ከደመወዝ ያለፈ ነው።

ሌላም አነጋገር አለን። ሆስፒታል ተኝቶ ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛ፣ ልጆቿ ርቀው የሄዱባት አሮጊት፣ ከገጠር መጥቶ በከተማ ዘመድ የሌለው ተማሪ «ሰው የለኝም» ይላሉ። መንገዱ በሰው ተሞልቶ፣ ግቢው በተከራይ ተጨናንቆ ሳለ ነው እንዲህ የሚሉት። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ለማናችንም አስተርጓሚ አያሻንም፤ የእኔ የምለው፣ ችግሬን ችግሩ አድርጎ የሚመጣልኝ የለም ማለታቸው ነው። በዚህ ትምህርት እነዚህን ሁለት አነጋገሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመለከታቸዋለን። አንዱ ሰው ለመሆን ይደክማል፤ ሌላው ሰው አጥቶ ይኖራል። የሁለቱም ችግር መፈታት የሚጀምረው እርስ በርስ ሲገናኙ ነው ብለን እናምናለን።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት ቤተ ክርስቲያናችን የመጻጕዕን ነገር ታስባለች። ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ይገኛል። በኢየሩሳሌም፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ፣ ብዙ ሕሙማን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠባበቁ ነበር። ከእነርሱም አንዱ 38 ዓመት በሕመም የኖረ ሰው ነው። ጌታችን ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውየው «አዎን» ብሎ አልመለሰም። ስለ ሕመሙ ጽናትም አላወራም። የነገረው፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። ከሕመሙ ይልቅ ሰው ማጣቱ ከብዶት ነበር ማለት ይቻላል።

ልብ እንበል፤ በዚያ ሥፍራ ሰው አልጠፋም። ሕሙማኑ አሉ፤ አስታማሚው አለ፤ በዓል ለማክበር የመጣው ሕዝብ አለ። ሰውየው ራሱ እንደ ተናገረው ሌላው እየቀደመው ይወርድ ነበር። ቀድመው የወረዱት ምን በደሉ? ማንም ታሞ ሳለ ለጤናው ቢሽቀዳደም አይፈረድበትም። ነገር ግን ድነው ከወጡት መካከል አንድ ሰው እንኳ ተመልሶ አጠገቡ ቢቀመጥና «በሚቀጥለው ጊዜ እኔ አወርድሃለሁ» ቢለው ኖሮስ? ለዚህ ሥራ ትምህርት አያስፈልግም፤ ገንዘብም አያስፈልግም፤ ሁለት ክንድና ትዕግሥት ይበቃ ነበር። በዚያ መጠመቂያ ዳር ባዶ የነበረው የአንድ ሰው ቦታ ነው። ዛሬም «ለማን እጠቅማለሁ?» የሚል ወጣት አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ይህን ባዶ ቦታ ነው። ቦታው በየሰፈሩ አለ፤ ማመልከቻ የሚያስገባበት ግን ብዙ ሰው የለም።

ምናልባት አንዳንዶቻችን «ታላቅ ለመሆን መመኘት ኃጢአት ነውን?» እንል ይሆናል። የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ለመቀመጥ በለመኑ ጊዜ ዐሥሩ ተቈጥተው ነበር (ማር. 10፥35-45)። የተቈጡትም እነርሱ ያንን መቀመጫ ስላልፈለጉት እንዳይመስለን። ጌታችን ግን ምኞታቸውን ከሥሩ አልነቀለውም፤ መንገዱን ነው የለወጠው። ታላቅ ሊሆን የሚወድ የሌሎች አገልጋይ ይሁን ብሎ፣ እርሱም ራሱ የመጣው ለዚሁ መሆኑን ነገራቸው። መክበርን የሚፈልግ ልብ አለን፤ የሰጠንም ፈጣሪ ነው። ጥያቄው ይህ ልብ የት ሄዶ ይረካል የሚለው ነው።

በጸሎተ ሐሙስ የምናየውን እናስታውስ። ሊቀ ጳጳስ ካለ ሊቀ ጳጳሱ፣ ከሌለም የደብሩ ካህን ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል፤ በወይራና በወይን ቅጠልም ያብሳል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናየው፣ ከዚያም ጉልባኑን ስለምናስብ፣ ነገሩ ላይገርመን ይችላል። በጥንት ዘመን እግር ማጠብ የቤት አገልጋይ ሥራ ነበር። አዋራ ለብሶ የመጣ እግር ነው የሚታጠበው። ጌታችንም ይህን ያደረገው ጊዜ ተርፎት አይደለም፤ ሊይዙት ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው። ከሚታጠቡትም መካከል ይሁዳ ነበረበት። «ለማይገባው ሰው ለምን እደክማለሁ?» የሚል ሁሉ በዚህ ላይ ጥቂት ቢያስብ መልካም ነው።

በዚያው ምዕራፍ ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ የተጻፈውን ብዙ ጊዜ በችኮላ እናልፈዋለን። ጴጥሮስ እግሩን አላሳጥብም ብሎ ነበር። ትሕትና ይመስላል፤ ጌታችን ግን አልተቀበለለትም። መታጠብን እንቢ የሚል ሰው ሌላውን በትክክል ሊያጥብ አይችልም። ሲረዱት የሚያፍር፣ ሲያመው የማይናገር፣ «እኔ ሰጪ እንጂ ተቀባይ አይደለሁም» የሚል ሰው፣ ሲያገለግልም ሳይታወቀው ከፍ ብሎ ወደ ታች እያየ ያገለግላል። የሚረዳው ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ችግረኛ ዐይን ማንበብ ይችላል።

ስለ ስማችንም አንድ ነገር እናንሣ። ወንዶቹ በ40 ቀን፣ ሴቶቹ በ80 ቀን ስንጠመቅ የክርስትና ስም ይሰጠናል። ከዚህ ውስጥ ብዙው «ገብረ» ወይም «አመተ» ብሎ ይጀምራል፤ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ አመተ ሚካኤል። በግእዝ «ገብር» አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው፤ «አመት»ም ሴት አገልጋይ ናት። ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ እንኳ ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል ነበር። ዘውድ ጭኖ «አገልጋይ» ተብሎ መጠራትን አባቶቻችን አላፈሩበትም። ዲያቆን የሚለው ቃልም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ይኸው አገልጋይ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ ሰባቱ የተመረጡት በዕለታዊው ምግብ አሰጣጥ መበለቶች ችላ በመባላቸው ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ አገልግሎቱን የጀመረው ከማዕድ ነው። እንግዲህ በ40 ወይም በ80 ቀን የተሰጠንን ስም ሥራ አጥ ሆነንም፣ ፈተና ወድቀንም የሚወስድብን የለም።

አሁን ወደ አንድ ታሪክ እናልፋለን፤ ሳናሳጥር ብንነግረው ደስ ይለናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ312 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ አገር ወጣቶች በግድ ለውትድርና ይታፈሱ ነበር። ከታፈሱት አንዱ ዕድሜው ወደ ሃያ የሚጠጋ፣ ወላጆቹ ጣዖት የሚያመልኩ ወጣት ነው። በመርከብ ጭነው፣ ዛሬ ሉክሶር በምትባለው በቴብስ ከተማ እስር ቤት ውስጥ ዘጉባቸው። ሲመሽ የከተማው ሰዎች ምግብና የሚጠጣ ይዘው መጡና ለእስረኞቹ ሰጡአቸው። ወጣቱ ተደነቀ። ዘመዶቹ አይደሉም፤ ምንም የሚያገኙበትም ነገር የለም። እነማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ ክርስቲያኖች እንደሚባሉ፣ ለማንም ሰው፣ ለእንግዳም ቢሆን በጎ እንደሚያደርጉ ነገሩት። በዚያች ሌሊት ወደ እስር ቤቱ ጥግ ሄዶ ወደማያውቀው አምላክ ጸለየ፤ ከዚህ ከወጣሁ ዕድሜዬን በሙሉ ሰውን አገለግላለሁ ብሎም ተሳለ።

ይህ ወጣት በኋላ አባ ጳኩሚስ የተባለው ታላቁ አባት ነው። ከውትድርና በተለቀቀ ጊዜ ወደ አንዲት መንደር ሄዶ ተጠመቀ። በመንደሪቱ ወረርሽኝ ሲነሣ ለሕሙማኑ እንጨት ይለቅምላቸው፣ ያስታምማቸውም ነበር። ኋላም መነኰሳት በአንድነት የሚኖሩበትን፣ በአንድነት ሠርተው በአንድነት የሚበሉበትን ሥርዓት የመሠረተው እርሱ ነው። ሥርዓቱ ወደ ግእዝም ተተርጕሟል፤ በአገራችን የአንድነት ገዳማት ኑሮ የእርሱ ትምህርት አለበት።

ያን ምሽት እንጀራውን ይዘው የመጡት ሰዎች ግን ስማቸው አልተጻፈም። ስንት እንደ ነበሩ፣ ወንዶች ይሁኑ ሴቶች፣ የሚያውቅ የለም። እስረኞቹ በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ምናልባት «ዛሬም ወጥ አነሰን» ሳይባባሉ አይቀሩም። ከእስረኞቹ አንዱ ምን እንደሚሆን አላወቁም፤ ስሙንም አልጠየቁት ይሆናል። በአንድ ማዕድ ምክንያት በበረሃው ሺህ መነኰሳት እንደሚሰበሰቡ፣ በሩቅ ኢትዮጵያም የዚያ ፍሬ እንደሚበላ ቢነገራቸው ኖሮ ይስቁ ነበር። የሕይወታችንን ዋጋ ራሳችን ቈጥረን ልንጨርሰው አንችልም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ሒሳቡ በእጃችን አይደለም፤ በእጃችን ያለው ማዕዱ ነው።

ከአባ ጳኩሚስ ገድል ሳንጨምር የማናልፈው ሌላ ነገር አለ። መጀመሪያ ወደ እርሱ የተሰበሰቡትን ሰዎች ምግባቸውን እያዘጋጀ፣ ሥራቸውን ሁሉ ራሱ እየሠራ ለዓመታት አገለገላቸው። እነርሱ ግን ትሕትናውን አይተው ናቁት፤ እንደ ሎሌ አዘዙት፤ ዘበቱበትም። በመጨረሻ ሥርዓት አወጣላቸው፤ ሥርዓቱን ያልተቀበሉትንም አሰናበታቸው። አንዳንድ ሰዎች ማገልገል ማለት ማንም እንደ ወደደ እንዲረግጠን መፍቀድ ይመስላቸዋል። ሌላውን በስንፍናው ማጽናት ፍቅር አይባልም። አባ ጳኩሚስ ማገልገሉን አልተወም፤ ሁሉም አገልጋይ የሚሆንበትን ሥርዓት ነው የሠራው።

ብዙ የተማረ ሰው ምሳሌ የሚፈልግ ካለ ቅዱስ ባስልዮስ አለለት። በአቴና ከተማ በዘመኑ ከፍተኛ የሚባለውን ትምህርት ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። በ368 እና በ369 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) በቀጰዶቅያ ረኀብ በገባ ጊዜ ጎተራ የዘጉትን ባለጠጎች ገሠጸ፤ ራሱም የተራቡትን ሰብስቦ የጥራጥሬ ወጥ በገዛ እጁ አቀረበላቸው። ኋላም ከቄሳርያ ከተማ ውጪ ለሕሙማንና ለእንግዶች ቤት አሠራ። ዲግሪና ጭልፋ አንድ እጅ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ጣቢታ ደግሞ የተማረች መሆንዋ አልተጻፈም፤ የተጻፈው መስፋትዋ ነው (ሐዋ. 9፥36-42)። በኢዮጴ ሞታ ሳለች ቅዱስ ጴጥሮስ ሲመጣ፣ መበለቶቹ ከብበው እያለቀሱ ያሳዩት ንግግር አልነበረም። ልብስ ነው። ስትኖር ያደረገችላቸውን ቀሚስና መጐናጸፊያ አሳዩት። የለቅሶ ቤት ንግግር ብዙ ጊዜ ለሟች ያልነበረውን ሁሉ ይጨምርለታል፤ ለጣቢታ ግን መመስከር አላስፈለገም፤ ምስክሩ በመበለቶቹ ትከሻ ላይ ነበር።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎት ስንል መጀመሪያ የሚታሰበን መዝሙር ነው። መዝሙር ክፍል ምዝገባ ሲኖር ሰልፉ ግቢውን ይዞራል። ግቢ የማጽዳት ተራ ሲወጣ ደግሞ የብዙ ሰው ዘመድ በዚያው ቀን ይታመማል! መዝሙርን ለማቃለል አይደለም፤ እግዚአብሔርን ማመስገን የመላእክት ሥራ ነው። ነገር ግን የምንመርጠው ሁልጊዜ የሚታየውን ከሆነ፣ ምን እየፈለግን እንደ ሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና ተጨምሯል። ለአንዲት ችግረኛ እናት አምስት ኪሎ ዱቄት ሲሰጥ ስድስት ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል። እናቲቱ ፊትዋን ወዴት ታዙር? ዱቄቱ በሳምንት ያልቃል፤ ፎቶግራፉ ግን ጎረቤት እጅ ይደርሳል። ምጽዋት በስውር እንዲሆን ጌታችን ያስተማረው (ማቴ. 6) የሰጪውን ነፍስ ከውዳሴ ከንቱ ለመጠበቅ ነው፤ የተቀባዩም ፊት በዚያው ይጠበቃል ብለን እናስባለን።

ነገሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት። «አገልግል፤ ሕይወትህ ትርጉም ያገኛል» ማለት እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው የራሱን ትርጉም ለማግኘት ብቻ ብሎ ወደ ችግረኛ ቢሄድ፣ ችግረኛውን መስተዋት አደረገው ማለት ነው። ፊቱን ሊያይበት ይሄዳል። ችግረኛው ባያመሰግን ይቈጣል፤ ከችግሩ ቢወጣ ቅር ይለዋል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢረዳው ይቀናል። ምልክቱ ይህ ነው። መድኃኒቱም እንደሚመስለን የሰውየውን ስም ማወቅ፣ ታሪኩን መስማት፣ እርሱም የሚያውቀውን እንዲያስተምረን መፍቀድ ነው። በየደጀ ሰላሙ የተቀመጡት አረጋውያን መካከል ዳዊት በቃላቸው የሚያደርሱ፣ ቅኔ የቈጠሩ አሉ። እኛ ዳቦ ይዘን ሄደን እነርሱ ዳዊት ቢያስጠኑን ማን ማንን አገለገለ?

ሌላው ጥንቃቄ የቤት ነገር ነው። ወንድም ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲሯሯጥ ውሎ፣ ማታ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ «ውኃ አምጪልኝ» ይላል። እኅቱ ከማለዳ ጀምራ ስትጋግር፣ ስታጥብ፣ የታመመች አያታቸውን ስታነሣና ስታስተኛ ነው የዋለችው። ስምዋ በአገልጋዮች መዝገብ የለም፤ «ጉባኤ ቀርታለች» ተብሎ በቀሪ መዝገብ ሳይኖር አይቀርም። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቍርባን ነው» እያሉ የሚያስቀሩትን ገሥጿል። አያትን ማጠብ እግር ማጠብ ነው። ወንድምም ይህን ተራ ቢይዝ እኅቱ ጉባኤ ትደርሳለች፤ ይህም በአገልግሎት ይቈጠርለታል።

በዘመናችን ስለ ታየው ደግሞ እንናገር። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው ነበር። ዘመኑ በወሎ የረኀብ ጊዜ ነው። በመንገድ ላይ በረኀብ የሚሞቱ ሰዎችን፣ ወላጅ የሌላቸውንም ሕፃናት አዩ፤ ልጆችም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። በቤታቸው ተቃውሞ ተነሣ፤ ወይ ትዳርሽን ወይ ልጆቹን ምረጪ ተባሉ። ልጆቹን መርጠው የሞላ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ችግሩንም አብረው ተቸገሩ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም እስኪያርፉ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ኖሩ፤ በእርሳቸው እጅና በመሠረቱት ድርጅት ያደጉትና የተረዱት እጅግ ብዙ ናቸው። ወደ ግሸን የወጡት ግማደ መስቀሉ ካለበት ቦታ በረከት ለመቀበል ነበር። በረከቱ በመንገድ ዳር ቈይቷቸዋል።

ይህን የጻፍነው ሁላችንም ቤታችንን ትተን እንድንወጣ አይደለም። ታላላቅ ምሳሌዎች አንዳንድ ጊዜ ይጎዱናል፤ «እኔ እንዲህ መሆን አልችልም» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ ያደርጉናል። ወይዘሮ አበበችም ቢሆኑ ብዙ ሺህ ሰው ለመርዳት አስበው ከቤት አልተነሡም፤ ከፊታቸው የነበረውን ሕፃን ነው ያነሡት። ደግሞም ብቻችንን እንድንሸከመው አልታዘዝንም። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ ሲውል አማቱ ዮቶር አይቶ፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ፣ ለሌሎች አካፍል ብሎ መክሮታል (ዘጸ. 18)። በመጀመሪያው ወር እንደ እሳት ነድደው በሦስተኛው ወር የሚጠፉ አገልጋዮችን በየጊዜው የምናየው ዮቶርን የሚሰሙ በማነሳቸው ነው። በተራ የሚያገለግል ሰው ይቈያል፤ ለታመመውም ሰው የሚጠቅመው የሚቈይለት ነው።

እንግዲህ በአጥቢያችን ሰው የሌላቸው እነማን ናቸው? ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥቶ ካርድ የሚወጣበትን መስኮት የማያውቅ፣ ወረፋ የሚይዝለት ያጣ አባት አለ። የታዘዘለትን መድኃኒት ፍለጋ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የሚዞርለት ያስፈልገዋል። ቀን ጫማ ሲጠርግ ውሎ ማታ ፊደል የሚያስቈጥረው የሚፈልግ ልጅ አለ። ከልጅዋ ከዓረብ አገር የተላከላትን መልእክት የሚያነብላት፣ መልሱንም የምትለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚጽፍላት እናት አለች። ዐይናቸው ደክሞ ቅዳሴ መምጣት ያቋረጡ፣ በትር የሚይዝላቸው ቢያገኙ የሚመጡ አዛውንት አሉ። ገንዘብ የለንም ለምንል ሁሉ ከእነዚህ አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም። ሥራ አጥቶ ቤት የዋለው ወንድማችንም በዚህ ከማናችንም ይልቅ ባለጠጋ ነው፤ ሆስፒታል ወረፋ የሚያዝበት የማለዳው ሰዓት አለው።

በየምድባችሁ ስትወያዩ በመጀመሪያ ይህን አንሡ፤ በእያንዳንዳችን ሰፈር «ሰው የለኝም» የሚለው ማን ነው? በስም ተናገሩ፤ «ድሆች» ብላችሁ በጅምላ አትለፉት። ከዚያም ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን እንደ ላከ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተመደቡ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ነገር ተሸክሞ መሄድ ደግ አይመስለንም፤ ሰውየው የሚያስፈልገውን እኛ አስቀድመን ወስነን እንዳንሄድ ነው። ሰላም ብለን እንቀመጥ፤ ቡና ካፈሉልን እንጠጣ፤ ስማቸውን እንጠይቅ፤ የእኛንም እንንገራቸው። ስንነሣ ተመልሰን የምንመጣበትን ቀን እንነግራቸዋለን፤ በቀኑም እንገኛለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።